የ8 እና የ24 ሰከንድ ቆጠራ በቅርጫት ኳስ

በቅርጫት ኳስ አሰልጣኝና ዳኛን የሚያጨቃጭቀው ቁጥሩ አይደለም። 8 ሰከንድ፣ 24 ሰከንድ፣ ይህንን ሁሉም ያውቀዋል። ጭቅጭቁ ቆጠራው መቼ ጀመረ፣ መቼስ እንደ አዲስ ይጀምራል የሚለው ላይ ነው።

የማጥቂያ ሰዓቱ፣ ማለትም ኳስ የያዘ ቡድን ወደ ቅርጫት እስኪሞክር ያለውን ጊዜ የሚቆጥረው፣ ከመምጣቱ በፊት የሚመራ ቡድን ኳሱን ይዞ እንደ ልቡ ጊዜ ይገድል ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ 18 አሸነፈ። ሙሉ ጨዋታ ተጫውተው ነው እንግዲህ! የአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ የ24 ሰከንዱን ሰዓት ያስገባው በ1954 ሲሆን ሐሳቡን አጥብቆ የገፋው የሲራክዩስ ናሽናልስ ባለቤት ዳኒ ቢያሶን ነበር። ስሌቱ ደስ ይላል። ጨዋታው 48 ደቂቃ፣ ማለትም 2,880 ሰከንድ ነው፤ ጥሩ በሚባል ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ላይ 120 ጊዜ ያህል ወደ ቅርጫት ይሞክራሉ፤ ሲካፈል 24 ይመጣል። ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባ በ1956 በ30 ሰከንድ ጀምሮ በ2000 ወደ 24 አወረደው። ከራስ ሜዳ መውጫውንም ያኔውኑ ከ10 ወደ 8 ቀነሰ፣ ኤንቢኤም በ2001 ተከተለው። ከዚህ በታች ያለው በፊባ ሕግ ነው።

8ቱ ሰከንድ ኳስ የያዘ ቡድን ከራሱ ግማሽ ሜዳ ወጥቶ ወደ ተጋጣሚው ግማሽ ለመግባት ያለው ጊዜ ነው። ሪባውንድ (ተሞክሮ ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) ከሆነ የሚቆጠረው ተጫዋቹ ኳሱን ሲቆጣጠር ነው። ከመስመር ውጭ ሲወረወር ግን ሜዳ ውስጥ ያለ ተጫዋች ኳሱን ከነካበት ቅጽበት ይጀምራል፣ ገና በደንብ ባይይዘውም።

መስመሩ ጋ ያለውን ልብ በሉ። ተጫዋቹ እያነጠረ አንድ እግሩን አሻገረ፣ ኳሱም ተሻግሮ ነጠረ፣ ሁለተኛው እግሩ ግን ገና ወደ ኋላ ነው። ብዙ ተመልካች «አልፏል!» ይላል። አላለፈም። እያነጠረ የሚሻገር ሰው ሁለቱም እግሮቹና ኳሱ፣ ሦስቱም፣ ከፊት ያለውን ሜዳ መንካት አለባቸው፤ እስከዚያ ድረስ ቆጠራው ይቀጥላል።

በእኔ አስተያየት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኳስ ሲወጣ ነው። አንድ ቡድን በራሱ ሜዳ 5 ሰከንድ ተጠቅሞ ሳለ ተከላካዩ ኳሱን መትቶ እዚያው ከመስመር ቢያስወጣው፣ ወርውረው ሲጀምሩ የቀራቸው 3 ሰከንድ ብቻ ነው። አዲስ 8 የለም። ተከላካዩ ፋውል ቢሠራ ግን 24ቱም 8ቱም ከዜሮ ይጀምራሉ።

ወደ 24ቱ ስንመጣ ወሳኙ ቀለበቱ ነው። የደወሉ ድምፅ ሳይሰማ ኳሱ ከእጅ መውጣት አለበት፣ ከዚያ ወይ መግባት ወይ ቀለበቱን መንካት። ኳሱ አየር ላይ እያለ ቢደወልና ቀለበቱን ቢነካ ጨዋታው ይቀጥላል። ቦርዱን ብቻ ነክቶ ቢመለስ ጥሰት ነው፤ ተጋጣሚው ወዲያው ኳሱን በግልጽ ከተቆጣጠረ ግን ዳኛው አያስቆምም። ለዚህ ነው ጠረጴዛው ላይ ያለው የሰዓት ሠራተኛ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ዓይኑን ከቀለበቱ የማይነቅለው። ተከላካይ ኳሱን በጣቱ ስለነካ ብቻ ሰዓቱን መልሶ ማስጀመር በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ኳሱ አሁንም በዚያው ቡድን እጅ ከሆነ ሰዓቱ መቀጠል አለበት።

14 የሚባልም አለ። አጥቂው ቡድን የሞከረው ኳስ ቀለበቱን ነክቶ ተመልሶ ራሱ ቢይዘው የሚሰጠው 14 ሰከንድ ነው። ፊት ሜዳ ላይ ተከላካይ ፋውል ሠርቶ ኳሱ ከመስመር የሚወረወር ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ላይ ያለው ይታያል፤ 14 ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ እንዳለ ይቀጥላል፣ 13 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ወደ 14 ከፍ ይላል።

ዳኞች 8ቱን ለመቁጠር የ24ቱን ሰዓት ያያሉ፤ ከ24 ከተነሳ 16 አካባቢ ሲደርስ ያበቃል። የሩብ ጨዋታው መጨረሻ ላይ ግን ከ24 ሰከንድ በታች ቀርቶ አዲስ ኳስ ከተያዘ ያ ሰዓት ይጠፋል። 8ቱ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ዓይን ወደ ጨዋታው ሰዓት ይዞራል፦ 20 ሰከንድ ሲቀር ኳስ በራሱ ሜዳ የያዘ ቡድን 12 ላይ ሳይደርስ መሻገር አለበት።