ሽልማት ለደረጃ፣ ሚኒማ ለሰዓት፦ ስለ ማራቶን ጅማ ውስጥ የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

እሑድ ማራቶን በቴሌቪዥን በተላለፈ ቁጥር የጅማ ካፌዎች የሒሳብ ክፍል ይሆናሉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የሽልማቱን ዶላር በዕለቱ ምንዛሪ ያባዛል። ሌላው «ሴቶቹ እኮ አሥር ደቂቃ ዘግይተው ነው የገቡት፤ እኩል መውሰዳቸው የቱ ጋ ነው ፍትሑ?» ይላል። ሦስተኛው «የሰፈራችን ልጅ በአጋሮ መንገድ ከዚህ ሰዓት በታች ሮጧል፤ ሰው ስለሌለው ነው የቀረው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ሦስቱም ተሳስተዋል። ሥራችን ከሯጮች ጋር የሆነ ሰዎች ይህንኑ መመለስ ሰልችቶናል፤ አንዴ በጽሑፍ ይቀመጥ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሚኒማው ላይ ደቂቃ ይታሰብላታል»

አይታሰብም። ሚኒማ ማለት ትልቅ ውድድር ለመግባት መሮጥ ያለበት ሰዓት ነው፤ በማራቶን የከፍታ ማካካሻ የሚባል ነገር የለም። 2:10 የሮጠ ሰው የትም ይሩጠው የት 2:10 ነው።

«ሚኒማ ያመጣ ሁሉ ይሄዳል»

በኦሊምፒክ ማራቶን አንድ አገር በየጾታው ከ3 ሯጭ በላይ አያሰልፍም። ለኢትዮጵያዊ ሯጭ ፈተናው ሚኒማው ሳይሆን ሦስቱ ውስጥ መግባቱ ነው። ታምራት ቶላ ለፓሪስ 2024 ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ተተካና በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ ወርቁን ወሰደ። ስለ ፍትሕ መከራከር የፈለገ በዚህ በሦስቱ ገደብ ላይ ይከራከር፤ እዚህ ላይ ክርክሩ ውሃ ያነሣል።

«የቦስተን ሚኒማ 3 ሰዓት አካባቢ ነው፤ የኛ ልጅ 2:20 ይሮጣል፤ ሄዶ ብር ይዞ ይመጣል»

ያ ሰዓት የአማተሮች መመዝገቢያ ነው። ለ2026 ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉ ወንዶች 2:55፣ ለሴቶች 3:25 ነው። እሱን ማሟላትም ብቻውን አያስገባም፤ ለ2025 ቦታ ያገኙት ከየዕድሜ ክልላቸው መስፈርት ቢያንስ 6 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ የፈጠኑት ናቸው። ለሽልማት የሚሮጡት በግብዣ ነው የሚገቡት፤ ግብዣው ደግሞ የሚመጣው በማናጀር በኩል ነው።

«ሴቶች ዘግይተው እየገቡ እኩል መሸለማቸው ኢፍትሐዊ ነው»

ከሁሉም የሚያታክተው ይሄ ነው። የማራቶን ሽልማት የሚከፈለው ለደረጃ ነው እንጂ ለሰዓት አይደለም። ቦስተን ላይ በቅርብ ዓመታት አንደኛ የወጣ ወንድም ሆነ ሴት 150,000 ዶላር፣ ሁለተኛ 75,000፣ ሦስተኛ 40,000 ይወስዳል። በዓለም ሻምፒዮና ወርቁ ለሁለቱም 70,000 ነው። መለኪያው ሰዓት ይሁን ከተባለ መጀመሪያ የሚፈርሰው የወንዶቹ ክፍያ ነው። የታምራት የፓሪስ ሰዓት ኬልቪን ኪፕተም በ2023 ቺካጎ ላይ ከሮጠው 2:00:35 በ5 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ይዘገያል። ታዲያ ከታምራት ወርቅ ትንሽ ይሸረፍ ያለ ሰው ጅማ ውስጥ አልተገኘም! ፓሪስ ዳገት አለው፣ ቺካጎ ሜዳ ነው፤ ይህ ሁሉም ሰው የሚገባው ነገር ነው። ሯጭ የሚወዳደረው በዚያ ቀን፣ በዚያ መንገድ፣ አብረውት ከተሰለፉት ጋር ነው። ሴቶቹም እንደዚያው።

ለሰዓት የሚከፈለው ቦነስ የሚባለው ሌላው ገንዘብ ነው፤ እሱም ለወንድና ለሴት የየራሱ ሰንጠረዥ አለው። እኩል አለመሆን የሚፈልግ ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት በተሳትፎ ክፍያው ላይ ነው። ሯጩ መነሻው ላይ እንዲቆም ብቻ የሚከፈለውን ይህን ገንዘብ ማናጀሩና አዘጋጁ በጓዳ ይስማሙበታል፤ ለሕዝብ አይወጣም፤ ለሁለት ተመሳሳይ ሰዓት ላላቸው ሯጮች የተለያየ ሊሆን ይችላል። ስለሱ ግን ካፌ ውስጥ የሚያወራ የለም።

«የሚሮጡት እኮ በወንድ አሯሯጭ ነው» የሚባለው እውነትነት አለው፤ ግን መዝገቡ ቀድሞ ለይቶታል። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ የሮጠችው 2:11:53 ወንድና ሴት በተቀላቀሉበት ውድድር የተያዘ ነው። በ2025 ለንደን ላይ የሮጠችው 2:15:50 ደግሞ በሴቶች ብቻ ክብረ ወሰንነት ለብቻው ተመዝግቧል።

ከዚያ ደግሞ «የሴቶች ሚኒማ ለቀቅ ያለ ነው» ይመጣል። ለፓሪስ የወንዶቹ 2:08:10፣ የሴቶቹ 2:26:50 ነበር፤ ልዩነቱ 18 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። በኪፕተምና በትዕግሥት የበርሊን ሰዓት መካከል ያለው ግን 11 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ብቻ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ነው የተሳሳተው። ሚኒማ የወንድና የሴት ጉልበት ተመዝኖ የወጣ ቀመር አይደለም። ለፓሪስ በየጾታው 80 ቦታ ነበር፤ ግማሹ ያህል በሰዓት፣ ቀሪው በዓለም የሯጮች ደረጃ ሰንጠረዥ እንዲሞላ ታስቦ መስመሩ ይሰመራል። ከላይ ጥቂት በጣም ፈጣኖች ኖረው ከኋላቸው ያለው ሕዝብ ሲሳሳ መስመሩ ይላላል። ሕዝቡ ሲበዛ ደግሞ ይጠብቃል። ለቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ 2:11:30 እና 2:29:30 የነበረው ለቶኪዮ 2025 የዓለም ሻምፒዮና 2:06:30 እና 2:23:30 ሆኗል። የወንዶቹ 5 ደቂቃ ሲጠብቅ የሴቶቹ 6 ደቂቃ ጠብቋል።

«የታወጀው ዶላር ኪስ ይገባል»

ቦስተን ላይ ሦስተኛ የወጣን ሯጭ እንውሰድ፤ 40,000 ዶላር። አሜሪካ ለውጭ ዜጋ ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ ግብር ታስቀራለች፤ 12,000 ሄደ። የማናጀር ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ውሉ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል 1,800 ዶላር ታወጣለች፦ 15 በመቶው ከጠቅላላው ከታሰበ 6,000፣ ከግብር በኋላ ከቀረው 28,000 ከታሰበ 4,200 ነው። ከመፈረም በፊት «ከጠቅላላው» ወይስ «ከተጣራው» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። በመጀመሪያው ስሌት 22,000 ይቀራል፤ አሰልጣኙ ገና አልተነሣም። ገንዘቡም የዶፒንግ ምርመራው ውጤት ሳይመጣ አይለቀቅም፤ ወራት ይፈጃል። ሰኞ ጠዋት ቆርቆሮ ሊያስጭን የተነሣ ዘመድ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

«ጫማ ጫማ ነው»

ደራራ ሁሪሳ በ2021 የቪየና ማራቶንን በ2:09:22 አንደኛ ሆኖ ጨርሶ ውጤቱ ተሰረዘ። የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የሚፈቀደው 4 ነው። ከውድድሩ በፊት በጫማ ቅጹ ላይ የሞላው ደግሞ ሌላ ጫማ ነበር። ቅጹ ላይ የተጻፈው ሞዴልና መነሻው ላይ እግር ላይ ያለው አንድ መሆን አለባቸው።

«በአጋሮ መንገድ 2:08 ሮጧል»

በምን ተለክቶ? በእጅ ሰዓት ጂፒኤስ። ጂፒኤስ የሚቆጥረው ሯጩ የሄደበትን መስመር ነው፤ ባጃጅና ከብት ሲሸሽ ወደ ውጭ የወጣውን፣ ኩርባውን በሰፊው የዞረውን ሁሉ ይደምራል። ስለዚህ 42.2 ብሎ ሲጮህ ትክክለኛው መንገድ ገና 300 ሜትር ሊቀረው ይችላል። በዚያ ፍጥነት 300 ሜትር 55 ሰከንድ ያህል ነው፤ 2:08:00 የተባለው 2:08:55 ሆነ፤ የፓሪስ ሚኒማ በ45 ሰከንድ አመለጠ ማለት ነው።

ሕጋዊ መንገድ በሌላ ዓይነት ይለካል። ቢያንስ 300 ሜትር ርዝመት በብረት ሜትር ተለክቶ ይሰመራል። ጎማው ላይ ቆጣሪ የተገጠመለት ብስክሌት በዚያ መስመር ላይ ከልኬቱ በፊትም በኋላም ይስተካከላል። ለኪው አጭሩን መስመር ይዞ፣ ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይነዳል። እንዳያንስ በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመራል፤ ለማራቶን 42 ሜትር። ለክብረ ወሰን ከሆነ ደግሞ መነሻና መድረሻው በቀጥታ ሲለካ ከርቀቱ ግማሽ በላይ መራራቅ፣ ቁልቁለቱም ከ42 ሜትር መብለጥ የለበትም። ጄፍሪ ሙታይ በ2011 ቦስተን ላይ 2:03:02 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያልተባለው በዚህ ነው።

ሚኒማ ፈላጊ ሯጭ የአውቶቡስ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ውድድሩ በዓለም አትሌቲክስ የውድድር መርሐ ግብር ላይ መኖሩን፣ መንገዱ የልኬት ሰርተፊኬት እንዳለው፣ ቀኑም ሚኒማው በሚያዝበት ጊዜ ውስጥ መዋሉን ይጠይቅ። ስሙና የልደት ቀኑ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይመዝገቡ፤ አንዲት ፊደል ስትሳሳት ውጤቱ ሌላ ሰው ሆኖ ይቀመጣል። ከውድድሩ በኋላ በዓለም አትሌቲክስ ድረ ገጽ ላይ በስሙ ካልወጣ በዚያው ሳምንት ማናጀሩን ወይም ፌዴሬሽኑን መጠየቅ ነው።