የሊኑክስ ሰርቨርን ከርቀት በአግባቡ ማጥፋት

የሊኑክስ ሰርቨርን ከርቀት ማጥፋት ማለት በኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በተመሰጠረ መስመር ትእዛዝ መስጫ) ገብቶ አገልግሎቶቹ በተራ እንዲዘጉ፣ ሚሞሪ ላይ ያለው ዳታ ዲስክ ላይ እንዲጻፍና በመጨረሻ ኃይሉ እንዲቋረጥ ማዘዝ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ሰርቨሩ በዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ፣ ባለሙያው በሌላው ግቢ በፔዳ ሆኖ መብራት ሲሄድ ጊዜ የሚሰጠው የዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ባትሪ ብቻ ነው። ስዊቹና ራውተሩም ከዩፒኤስ ካልተያያዙ ሰርቨሩ እየሠራም ትእዛዙ አይደርሰውም። ይህ በብዛት የሚረሳ ነገር ነው።

መጀመሪያ «ሆስትኔም» (hostname) ብሎ የትኛው ማሽን ላይ እንዳሉ ማረጋገጥ ይገባል፤ ብዙ ተርሚናል የከፈተ ሰው ሌላውን ያጠፋል። በዴቢያንና በኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነቶች) «ሞሊ ጋርድ» የተባለው መከላከያ ፕሮግራም ከተጫነ የማሽኑን ስም ሳያስጽፍ አያሳልፍም። ቀጥሎ በ«ሁ» (who) ትእዛዝ ማን እንደገባ ይታያል። በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠው «ሱዶ ሹትዳውን +10» (sudo shutdown +10) ለገቡት ሁሉ ማስጠንቀቂያ ልኮ ከ10 ደቂቃ በኋላ ያጠፋል፤ የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ሲቀሩ ከሩት (ከዋናው አስተዳዳሪ) በቀር አዲስ ሰው አያስገባም። ሐሳብ ከተቀየረ «ሹትዳውን -ሲ» (shutdown -c) ይሰርዘዋል። አገልግሎቶችን በሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ሰዓት ካልተጻፈ 1 ደቂቃ ይጠብቃል። «ሃልት» (halt) የሚለው ትእዛዝ ግን ሥርዓቱን አቁሞ ኃይሉን ሳያቋርጥ ሊተው ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሲስተምዲ እያንዳንዱን አገልግሎት እንዲዘጋ ይጠይቃል፤ በተለመደው ቅንብር በ90 ሰከንድ ውስጥ ካልዘጋ በግድ ይገድለዋል። ለትልቅ ዳታቤዝ ይህ ስለማይበቃ ገደቡን ለእሱ ብቻ ማስረዘም፣ ባትሪው ከመመናመኑ በፊትም ማዘዝ ያስፈልጋል። ተርሚናሉ ደርቆ ከቀረ ኢንተር፣ ቲልዴ (~) እና ነጥብ በተከታታይ ሲጫኑ ይለቃል። ፒንግ (ማሽኑ በኔትወርክ መልስ መስጠቱን የሚፈትሽ ትእዛዝ) መቋረጡ ማሽኑ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ኔትወርኩ ቀድሞ ተዘግቶ ዲስኩ ገና እየተጻፈበት ሊሆን ስለሚችል ገመድ ማስነቀል ጥፋት ነው።

ከባዱ ማጥፋቱ ሳይሆን መልሶ ማብራቱ ነው። ማሽንን በኔትወርክ የሚያስነሳው ዌክ ኦን ላን የሚልከው መልእክት 6 ባይት መክፈቻና 16 ጊዜ የተደገመ የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ሲሆን ራውተርን በአብዛኛው ስለማያልፍ እዚያው ኔትወርክ ላይ የበራ ሌላ ማሽን ይፈልጋል። ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ቅንብር) ላይ ኃይል ሲመለስ «ሁልጊዜ ይብራ» የሚለው ይመረጣል፤ «እንደነበረ ይቆይ» የሚለው በአግባቡ የጠፋውን ማሽን እንደጠፋ ይተወዋል። ዩፒኤሱ ኃይል መስጠቱን ሳያቆም መብራት ከመጣ ግን ማሽኑ መቋረጡን ስለማያውቅ አይነሳም። ስለዚህ ዩፒኤስን የሚቆጣጠረው ፕሮግራም «ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ» ማሽኖቹ ከጠፉ በኋላ ዩፒኤሱ ራሱ እንዲቋረጥ እንዲያዝ ይደረጋል። ከጣና ማዶ ጎርጎራ ላለ ማሽን ይህ ሁሉ ቁልፉን የሚጫን ሰው አጠገቡ እያለ ካልተሞከረ የማጥፊያ ትእዛዝ ባይሰጥ ይሻላል።