በሊኑክስ «አቬይለብል ሜሞሪ» ምንድን ነው?

«ሰርቨሩ ሜሞሪ ጨርሷል፤ ካሹን በየሌሊቱ አጽዱት» የሚለው ምክር እዚህ ባሕር ዳር ሙያውን ገና ለሚጀምሩ ወጣቶች ሲሰጥ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የመካሪው ማስረጃ «ፍሪ» የተባለው ትእዛዝ ሲጻፍ በዚያው ስም በሚወጣው ዓምድ ሥር ያለችው ትንሽ ቁጥር ናት። መነበብ የነበረበት ግን በመስመሩ መጨረሻ ያለው «አቬይለብል» ነው፤ አዲስ ፕሮግራም ቢነሣ ወደ ስዋፕ (ሜሞሪ ሲጠብ በዲስክ ላይ ወደሚያገለግለው ተጠባባቂ ቦታ) ሳይገባ ምን ያህል ሜሞሪ ሊያገኝ እንደሚችል የሚገምት ቁጥር። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ ይህን ቁጥር ማስላት የጀመረው በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 3.14 ነው።

የጣና ውሃ ወደ ዓባይ የሚወጣበትን የጨረጨራ ግድብ በሮች አስቡ። ሲዘጉ በጣና የሚጠራቀመው ውሃ አልባከነም፤ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሲፈልገው ይለቀቅለታል። ሊኑክስም ከዲስክ ያነበበውን ፋይል በካሽ የሚያቆየው እንደዚሁ ነው፤ ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅ ይለቅለታል። ካሹን በየሌሊቱ ማጽዳት በሮቹን ከፍቶ ሐይቁን ማጉደል ነው። ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ ዳታቤዙ ሁሉንም እንደገና ከዲስክ ያነባል። «ካጸዳሁ በኋላ ፈጠነልኝ» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው፦ ያደገው የዓምዱ ቁጥር እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። የከርነሉ ሰነድም ይህን ማጽጃ ከሙከራና ከስሕተት ፍለጋ ውጭ መጠቀምን አይመክርም።

ከበሩ ወለል በታች ያለ ውሃ ግን በሩ ቢከፈትም አይወጣም። በ«ቲኤምፒኤፍኤስ» (በዲስክ ፋንታ በሜሞሪ በሚሠራ የፋይል ማስቀመጫ) ላይ የተቀመጠ ፋይልም ከካሽ ጋር ይቆጠራል፤ ሆኖም ካልተሰረዘ ወይም ወደ ስዋፕ ካልተላከ በቀር ቦታውን አይለቅም። «አቬይለብል» ይህን ስለሚቀንስ ፍሪንና ካሽን በእጅ ደምሮ መተካት አይቻልም። ተሻሽሎ ገና ወደ ዲስክ ያልተጻፈ ፋይልም መጀመሪያ መጻፍ አለበት፤ በዘገምተኛ ዲስክ ላይ ይህ ጊዜ ይወስዳል። በኮንቴይነር (በአንድ ማሽን ላይ ፕሮግራም ተለይቶ በሚሠራበት ክፍል) ውስጥ ደግሞ ትእዛዙ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው የዋናውን ማሽን ሜሞሪ እንጂ ለኮንቴይነሩ የተፈቀደውን አይደለም።

እውነተኛው እጥረት ሌላ መልክ አለው። «አቬይለብል» ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ በ«ቪኤምስታት» ትእዛዝ ውጤት የስዋፕ መግቢያና መውጫ ዓምዶች ሳያቋርጡ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሲብስም ከርነሉ ፕሮግራም መግደሉን በ«ዲሜሴጅ» ትእዛዝ በሚታየው መዝገቡ ያሰፍራል። ይህን ያየ ካሽ አያጽዳ፤ የትኛው ፕሮግራም ሜሞሪውን እንደያዘ ይፈልግ፣ ወይም ሜሞሪ ይጨምር።