«ለ3ም ለ7ም እምቢ ብሏል፣ ስለዚህ ብቸኛ ነው» አትበሉኝ

ሒሳብ ሳስጠና በየዓመቱ የምሰማት ነገር አለች። ትልቅ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ተማሪው ለ2፣ ለ3፣ ለ5 እና ለ7 ይሞክራል፣ እምቢ ሲለው «ብቸኛ ነው ቲቸር» ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ብቸኛ ቁጥር (prime) ማለት ሁለት አካፋዮች ብቻ፣ 1ን እና ራሱን፣ ያለው ቁጥር ነው። ኧረ አይደለም! 143ም ለአራቱም አይካፈልም፣ ግን 11 ሲባዛ በ13 ነው።

ትናንሾቹን ቶሎ ልለፋቸው። 1 ብቸኛ ቁጥር አይደለም፣ ያለው አካፋይ አንድ ብቻ ነው። 2 ተጋማሽ ቢሆንም ብቸኛ ነው። በ7 ማለቅም ምንም አያረጋግጥም፣ 57 ለ3 ይካፈላል። አሃዞቹን የመደመር ዘዴ ደግሞ ለ3 እና ለ9 እንጂ ለ7 አይሠራም፦ የ16 አሃዞች ድምር 7 ነው፣ 16 ግን ለ7 አይካፈልም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን «አምስቴ ከሠራ ሁሌም ይሠራል» የሚለው ነው። ይሄ ትልልቆቹንም ጥሏል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ሁለቶችን እያባዛ በእያንዳንዱ ላይ 1 ደመረ (ለምሳሌ 4 ሁለቶች ሲባዙ 16፣ 1 ሲደመር 17)። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 አገኘ፤ አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ስለዚህ 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲደመርባቸው የሚመጣው 4294967297ም፣ ከሱ በላይ ያሉትም ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1732 ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ቁጥሩ ለ641 እንደሚካፈል አሳየ፣ ድርሻው 6700417 ነው። ከዚያ በላይ ካሉትም እስከ ዛሬ አንድም ብቸኛ አልተገኘም።

«ታዲያ እስከ ቁጥሩ ድረስ ሁሉንም ልሞክር?» የሚለኝም አለ። አያስፈልግም፣ እስከ ስኩዌር ሩቱ ይበቃል፣ እዚህ 65536 አካባቢ ማለት ነው። እሱም ቢሆን በእጅ ለሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ኦይለር ግን የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች በሙሉ ለ64 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 መሆን እንዳለበት አወቀ። እንደዚያ ካሉት ብቸኛ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። አምስት ሙከራ ብቻ!

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ይህን ስነግራት አላመነችኝም። ካልኩሌተሩን ገፋ አድርጋ በወረቀት ማካፈል ጀመረች። አራቱ ቀሪ ተረፋቸው። 641 ላይ ስትደርስ ሁለተኛው እርምጃ ላይ 641ን በ7 አባዝታ 4487 ጻፈች፣ ከዚያ ወደ ታች ቀጠለች። የመጨረሻውን አሃዝ ስታወርድ የቀራት ያው 4487 ነበር። ከላይ የጻፈችውን አየችና እንደገና ማባዛት ሳያስፈልጋት ከስሩ 0 ጻፈች።