«የሚፈላው ድንጋይ» ወፍራም ድፍድፍ ነዳጅን እንዴት ያቀጥናል?

«ከባድ ድፍድፍ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ክብደቱን ነው። በቧንቧ ለሚያጓጉዘው ሰው ግን ራስ ምታቱ ውፍረቱ፣ አልፈስም ባይነቱ ነው። የቬንዙዌላው የኦሪኖኮ ድፍድፍ እንደ ቀዘቀዘ ማር ይንቀረፈፋል። ቢያሞቁት ይቀጥናል፤ ሲበርድ ግን እንደ ቅቤ መልሶ ይረጋል። ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ በሙቀት እየታገዘ ትልልቆቹን ሞለኪውሎች ስለሚሰባብር፣ ዘይቱ ከበረደም በኋላ ቀጠን ብሎ ይቆያል።

ከእነዚህ ካታሊስቶች አንዱ ዜዮላይት ነው፤ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተዋቀረ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ማዕድን። ስሙን በአውሮፓውያን 1756 ያወጣለት ስዊድናዊው የማዕድን ተመራማሪ ክሮንስቴት ነው። ድንጋዩን ሲያሞቀው በውስጡ ያለው ውሃ እየተነነ የፈላ ስለመሰለው፣ በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» አለው።

ሞለኪውል የሚሰብረው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አሲድነት ነው። ጣጣውም እዚያው ነው። የቀዳዳዎቹ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ናኖሜትር (ከሜትር አንድ ቢሊዮንኛ) በታች ስለሆነ፣ ዘይቱን የሚያወፍሩት አስፋልቲን የሚባሉት ግዙፍ ሞለኪውሎች በበሩ አይገቡም። ደጁ ላይ ተለጥፈው ይከስሉና መግቢያውን ይደፍኑታል። ስለዚህ «ዜዮላይት ጨምረናል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው የቀዳዳውን ስፋት ነው።