ያልተሠሩ የሞዴል ኪቶችን ሸጦ መገላገል፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የሞዴል ኪት በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ ተገጣጣሚ ፕላስቲክ ነው። አውሮፕላን፣ ታንክ፣ መርከብ ወይም መኪና ሊሆን ይችላል። ገዢው ክፍሎቹን ከተያያዙበት ፍሬም እየቆረጠ ያጣብቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ መጨረሻ ላይ ዲካል የሚባሉትን በውኃ ተነክረው የሚላቀቁ ምልክቶች ይለጥፋል። አንዱን ኪት ሠርቶ መጨረስ ወራት ይፈጃል። ሌላ መግዛት ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ ይከማቻል።

ጃፓኖች ለዚህ ክምር "ጹሚፑራ" የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ተቆልሎ የቀረ ፕላስቲክ ሞዴል እንደ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ "ስታሽ" ይሉታል። ዕድሜ ልክ ቢሠራ የማያልቅ ክምችት ያለው ሰውም የዘወትር ቀልዳቸው ነው። ቀልዱ የሚያበቃበት ቀን ግን አይቀርም። ባለቤቱ ጠበብ ወዳለ ቤት ይገባል፣ ዓይኑ ይደክማል፣ ወይም ልቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ ያልፍና ክምሩ ምኑም ለማይገባው ቤተሰብ ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ያ ክምር የሚሸጥባቸውን መንገዶችና ዋጋውን የሚወስኑትን ነገሮች ይመለከታል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ሻጭን ለምን ይመለከተዋል?

የፕላስቲክ ኪት የተጀመረው በ1936 እንግሊዝ ውስጥ ፍሮግ የተባለ አምራች ባወጣቸው "ፔንግዊን" የተባሉ አውሮፕላኖች ነው። ስኬላቸው 1/72 ነበር፤ ማለትም ሞዴሉ ርዝመቱ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያንሳል። ይህ ስኬል ዛሬም በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ነው። የያኔው ፕላስቲክ ግን ሴሉሎስ አሲቴት ስለነበር በጊዜ ብዛት ይጣመማል። ዛሬ ፔንግዊን የሚገዛ ሰው ለመሥራት ብሎ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚወራለት የእንግሊዙ ኪት አምራች ኤርፊክስ ነው። ኒኮላስ ኮቭ የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ በ1939 ለንደን ውስጥ አቋቋመው። መጀመሪያ የሚነፉ አሻንጉሊቶች ይሠራ ነበር፤ ቀጥሎ ማበጠሪያ። በ1949 ለፈርግሰን ትራክተር ማስተዋወቂያ የሚሆን ትንሽ ሞዴል ሠራ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ "ጎልደን ሃይንድ" የተባለችውን የፍራንሲስ ድሬክን መርከብ በዉልዎርዝስ መደብሮች መሸጥ ጀመረ። ዋጋው እንዲረክስ ካርቶኑ ቀረና ኪቱ በላስቲክ ከረጢት ገባ፤ አፉ ላይ የታጠፈ ወረቀት ተሰፋበት። ቀጥሎ ስፒትፋየር የተባለው የጦር አውሮፕላን ተከተለ። ከ1964 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የካርቶኖቹን ሥዕል ሮይ ክሮስ ሣለ። ብዙ ሰው ኪቱን የገዛው ሥዕሉን አይቶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኩባንያው በ1981 ወደቀ። ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በ1986 ሀምብሮል ገዛው። ሀምብሮልም በ2006 ሲከስር ሆርንቢ ወሰደው።

ይህን ሁሉ መዘርዘሬ በምክንያት ነው። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር አሮጌው የብረት ሞልድ፣ ማለትም ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ቅርጽ ማውጫ፣ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል፣ አዲስ ካርቶን ይለብሳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ በአምስት የተለያዩ ካርቶኖች ሊገኝ ይችላል። የመጀመሪያውን የላስቲክ ከረጢት ከነወረቀቱ የሚፈልግ ሰው ውድ የሚከፍለው ለወረቀቱ ነው። የመጨረሻውን ካርቶን የሚገዛው ደግሞ ሊሠራው ነው፤ የሚከፍለውም ያን ያህል ብዙ አይደለም። ሻጭ ከሁለቱ የትኛው ገዢ ፊቱ እንደቆመ ካላወቀ ይከስራል።

አሜሪካ ውስጥ ሬቬል በ1943፣ ሞኖግራም በ1945፣ ኦሮራ በ1950 ተቋቋሙ። የጃፓኑ ታሚያ በ1946 ሺዙኦካ ውስጥ ሲጀመር የእንጨት ነጋዴ ነበር።

ዋጋውን የሚያወጣውና የሚያወርደው

አንድ ክምችት ውስጥ ገንዘቡን የሚሸከሙት ጥቂት ካርቶኖች ናቸው። የቀረው ቦታ ይይዛል እንጂ ብዙም አያወጣም። ይህን ሲሰሙ የሚከፉ አሉ፤ ግን እንደዚያ ነው። ዕድሜም ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ባለፈው ወር አዲስ ሞልድ የወጣለት አውሮፕላን ካለ፣ የአርባ ዓመቱን ኪት የሚፈልገው ትዝታ ያለበት ሰው ብቻ ነው።

ዋጋን እንደ ዳግም ኅትመት የሚጥለው ነገር የለም። ለዓመታት ጠፍቶ የነበረ ኪት "ተመልሶ ሊወጣ ነው" ሲባል፣ ገና ገበያ ሳይደርስ የአሮጌው ዋጋ ይሰበራል። የጃፓኑ ባንዳይ ከ1980 ጀምሮ የሚሸጣቸው፣ ጋንዳም የተባሉት የካርቱን ፊልም ሮቦቶች ኪቶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ፋብሪካው ደጋግሞ ስለሚያትማቸው፣ ዛሬ "የለም" የተባለው ከጥቂት ወራት በኋላ መደርደሪያ ላይ ተመልሶ ይገኛል። በተወሰነ ቁጥር የወጡት ግን ሌላ ነገር ናቸው።

ተቃራኒው የታየው በዊንግነት ዊንግስ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን ኒውዚላንድ ውስጥ ያቋቋመው ይህ ድርጅት ከ2009 ጀምሮ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች በ1/32 ሲያወጣ ቆየ። ሥራቸው እጅግ የሚደነቅ ነበር፤ የመመሪያ ደብተራቸው ብቻውን ይነበባል። በ2020 በሩን ሲዘጋ ዋጋው ተሰቀለ። ከአንድ በላይ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ሳያስበው ባለሀብት ሆኖ አደረ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሊወጡ ተዘጋጅተው ከነበሩት ውስጥ ፎከር ዲአር.1 የተባለው አውሮፕላን ሜንግ በተባለ አምራች፣ ላንካስተር የተባለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ ደግሞ ቦርደር ሞዴል በተባለ ሌላ አምራች ስም ወጡ። የቀድሞ ሠራተኞችም ኮታሬ የሚባል አዲስ ድርጅት መሠረቱ። እንግዲህ የዘላለም ብርቅ ነው ብሎ ታቅፎ መቀመጥ ቁማር ነው።

የኦሮራ ሞልዶች ጉዳይ ደግሞ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ድርጅቱ በ1977 ሲያበቃ ሞልዶቹ ወደ ሞኖግራም ተጓዙ። በመንገድ ላይ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ብዙዎቹ ተሰባብረዋል ይባላል። ስንት እንደተሰባበሩ፣ የትኞቹ እንደነበሩ የሚነገረው እንደተናጋሪው ይለያያል። ሻጭ ሆኖ "ሞልዱ በባቡር አደጋ ስለጠፋ ዳግም አይወጣም" የሚል ሰው ከገጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። በ1990ዎቹ ፖላር ላይትስ የተባለ አምራች የኦሮራን ሥራዎች በአዲስ ሞልድ እንደገና መሥራት ጀምሯል።

ከመሸጥ በፊት

መጀመሪያ ዝርዝር ይሠራል፦ አምራች፣ ስኬል፣ የኪት ቁጥር፣ ይዞታ። የኪት ቁጥሩ ካርቶኑ ጎን ላይ አለ። ስኬልሜትስ የተባለው የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ቁጥሩ ሲገባ፣ ሞልዱ መቼ እንደተሠራና በየትኞቹ ካርቶኖች እንደወጣ የዘር ሐረጉን ያወጣል።

ቀጥሎ መክፈት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ላስቲክ በፋብሪካ እንደታሸገ ከሆነ አትንኩት፤ መታሸጉ ራሱ ዋጋ አለው። ይህ አከራካሪ ነው የሚሉ አሉ፣ ታሽጎም የጎደለ ክፍል ሊኖር ይችላልና። ለእኔ ክርክሩ አይገባኝም፤ ሳይከፈት ይሸጥ። የተከፈተ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ክፍል ከመመሪያው ጋር ይቆጠራል። በተለይ መስታወት መሰሎቹ። አንድ ጊዜ "ሙሉ ነው" ብዬ በልበ ሙሉነት የሸጥኩት አውሮፕላን የአብራሪው መስታወት አልነበረውም። ከስድስት ወር በኋላ ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ሥር አገኘሁት። ገንዘቡን መልሼ ነበር፤ ኀፍረቱ ግን አልተመለሰም።

ዲካል ቢጫ ይሆናል። መላ አለው፦ ላስቲክ ውስጥ ከቶ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ በፕላስተር መለጠፍ። በጥቂት ቀን ወይም ሳምንት ውስጥ ብጫው ይነጣል። ተሰነጣጥቆ ከሆነ ግን አይድንም። የድሮ መኪናና ታንክ ኪቶች ላይ ደግሞ የጎማ መሰሉ ነገር ጣጣ አለ። ለስላሳው ጎማ ወይም ሰንሰለት ለዓመታት የነካውን ጠንካራ ፕላስቲክ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ካርቶኑ ከላይ አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ቸርኬው ከጎማው ጋር ተጣብቋል። ሻጭ ይህን ቀድሞ አይቶ ይናገር።

መሥራት የተጀመረ ኪት ዋጋው ይወድቃል። ተሠርቶ ያለቀማ ከነካቴው ሌላ ገበያ ነው። የታወቀ እጅ ካልሠራው በቀር ካልተሠራው ኪት በታች ይሸጣል።

መሸጫ መንገዶቹ

ኢንተርኔት ሰፊው ገበያ ነው። ኢቤይ በ1995 ከተጀመረ ወዲህ ከቆጥ ላይ ያልወረደ ካርቶን የለም ማለት ይቻላል። ብርቅ ይባሉ የነበሩ ኪቶች ብዙ መሆናቸው የታወቀውም ያኔ ነው። እዚህ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት የተጠየቀውን ዋጋ እንደተሸጠ ዋጋ መቁጠር ነው። አንድ ሰው እንደ ወርቅ የጠራበት ካርቶን ሦስት ዓመት እዚያው ተቀምጦ ይሆናል። መታየት ያለበት ተሸጦ ያለቀው ነው። ኮሚሽን፣ የክፍያ ወጪና የማሸጊያ ካርቶን ሲቀነሱ ርካሾቹን ኪቶች በነጠላ መሸጥ ድካም ብቻ ይሆናል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ውዶቹን በነጠላ፣ ሌላውን በርዕስ ሰብስበው ይሸጣሉ፦ ስምንት የ1/72 ጀት በአንድ ላይ፣ ስድስት መርከብ በአንድ ላይ። ፌስቡክ ላይ ያሉት የሞዴል ሠሪዎች ቡድኖች ኮሚሽን የላቸውም፤ ዋስትናም የላቸውም።

ያገለገለ ኪት የሚገዙ ነጋዴዎች ሙሉውን ክምችት በአንድ ቀን ያነሳሉ። የሚከፍሉት በነጠላ ተሸጦ ከሚገኘው እጅግ ያነሰ ነው። ዘረፋ አይደለም። የሚያጓጉዙት፣ የሚቆጥሩት፣ መጋዘን የሚያስቀምጡት፣ ሳይሸጥ የሚቀርባቸው እነሱ ናቸው። ቢሆንም ዝርዝሩን ለሁለት ለሦስት ነጋዴ መላክ ይበጃል። ምርጥ አሥሩን ብቻ መርጦ ሊወስድ የሚፈልግ ከመጣ እምቢ ይባል፤ አሥሩ ከሄዱ የቀረውን የሚያነሳ አይገኝም።

ጨረታ ቤቶች ለቆዩና ለብርቅ ነገሮች ይሆናሉ።

የሞዴል ሠሪዎች ክበብ ሲነሳ ገለልተኛ መሆን ያቅተኛል፤ እጄን ያፍታታሁት ክበብ ውስጥ ነው። አይፒኤምኤስ በሚል አጠራር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር በ1963 በእንግሊዝ ተመሠረተ፤ በማግስቱ ዓመት የአሜሪካው ቅርንጫፍ ተከተለ። ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ አለው። የእንግሊዙ ማኅበር በየዓመቱ ቴልፎርድ ላይ የሚያዘጋጀው ትርኢት፣ ሞዴል ለማየት ከሚመጣው የማይተናነስ ኪት ለመግዛት የሚመጣ የሚታይበት ነው። ትንንሾቹ የክበብ ትርኢቶችም የሽያጭ ጠረጴዛ ያከራያሉ።

ጠረጴዛው ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። በሩ ሳይከፈት ሻጮቹ እርስ በርስ ይገበያያሉ፤ ምርጡ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ያኔ ነው። ከዚያ ሰው ይገባል። አዋቂው ገዢ ዋጋ አይጠይቅም። ካርቶኑን ይከፍትና መጀመሪያ ያሸተዋል። የሲጋራ ሽታ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ይመልሰዋል። ከሌለው ፍሬሙን ወደ መብራት አንሥቶ መስታወት መሰሎቹን በዓይኑ ይቆጥራል፣ ዲካሉን ይገለብጣል፣ ካርቶኑን ይዘጋል። ከዚያ "የመጨረሻው ስንት ነው?" ይላል። ከሰዓት በኋላ፣ ሻጩ ያመጣውን ጭኖ መመለስ ሲያስጠላው፣ ሦስት ካርቶን በሁለት ዋጋ ይቸበቸባል። ኮሚሽን የለም፣ ፖስታ ቤት የለም፣ የተመለሰ ዕቃ የለም። ገዢውም ኪቱን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። በኢንተርኔት ከዚህ የተሻለ ዋጋ ይገኛል የሚሉ አሉ፤ ለብርቁ ልክ ናቸው።

የመላኪያ ነገር

ኪት ቀላል ነው፤ ካርቶኑ ግን ትልቅ ነው። ብዙ አመላላሾች የሚያስከፍሉት ከሚዛኑና ከቦታው የሚበልጠውን ወስደው ነው። የቦታው ክብደት የሚሰላው ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲሜትር ተባዝተው ብዙውን ጊዜ ለ5000 ሲካፈሉ ነው። 60 በ40 በ12 የሆነ እሽግ 5.76 ኪሎ ይሆናል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ሁለት ኪሎ ላይሞላ ይችላል። ይህን ሳያሰላ "መላኪያ በኔ" ያለ ሻጭ ትርፉን ለአመላላሹ ይገብራል። የኢናሜልና የላከር ቀለም እንዲሁም ማጣበቂያው ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአየር ፖስታ አይሄዱም፤ እዚያው ለቅርብ ሰው መስጠት ነው።

ክምችቱ ለወራሾች ሲቀር

ወራሾች ብዙ ጊዜ ወይ ሁሉንም ይጥላሉ ወይ ሁሉም ውድ ይመስላቸዋል። ብዙ ክበቦች የሟች አባላቸውን ክምችት በመቁጠርና በመሸጥ ቤተሰቡን ያግዛሉ። ካርቶኖቹ የማይሸጡ ሆነው ቢገኙ እንኳ ወጣቶች የሚማሩበት ክበብ በደስታ ይወስዳቸዋል። ቤተሰቡ ከሁሉ በፊት ሊጠነቀቅለት የሚገባው ግን ካርቶን ያልሆነውን ነገር ነው። ከመሳቢያ ውስጥ ትንንሽ ላስቲኮች ይወጣሉ፤ ውስጣቸው ግራጫ የሬዚን ቁራጭ፣ እንደ ምላጭ የሳሳ የናስ ሉህ፣ የተረፈ ዲካል አለ። ቆሻሻ ይመስላሉ። ከኪት ለይተው የሚሸጡ ማሻሻያዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከተገዙለት ኪት ይወደዳሉ። ቤት የሚያጸዳ ሰው መጀመሪያ የሚጥለውም እነሱን ነው።