የለምጻሞች ቀዳዳ፣ የሰይጣን እግር፣ የክሮምዌል መዶሻ፦ ስለ ጥንታዊ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያናት የሚወራውና እውነታው

እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ያረጀ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ካለ ወሬ አይጠፋም። ይቺ ቀዳዳ የለምጻሞች ናት፣ ያ ወጋግራ ከመርከብ የመጣ ነው፣ ሐውልቱን የሰባበረው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የጦር ሰው፣ በኋላም የአገሪቱ መሪ የሆነው ኦሊቨር ክሮምዌል ነው ይባላል። ወሬው ይጥማል፤ እኔም ብዙውን አምኜ ቆይቻለሁ። ጥቂቱን ልንካካው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

“የግሪንስቴድ ቤተ ክርስቲያን በ845 ተሠራች”

ኤሴክስ ውስጥ፣ ቺፒንግ ኦንጋር ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን አለች። የግሪንስቴድ ቤተ ክርስቲያን የምትባለው እሷ ናት። የዋናው ክፍል ግድግዳ ድንጋይ አይደለም። የተሰነጠቁ የኦክ ግንዶች ጎን ለጎን ቆመው ነው። ክቡ ጎናቸው ወደ ውጭ፣ ጠፍጣፋው ወደ ውስጥ ነው። በአውሮፓ እስከ ዛሬ ከቆሙት የእንጨት ቤተ ክርስቲያናት ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች የሚሉም አሉ።

ለረጅም ጊዜ ግንዶቹ የ845 ናቸው ሲባል ነበር። አንድ ሌላ ታሪክም ይህን ያግዘው ነበር። በዴኖች የተገደለው የንጉሥ ቅዱስ ኤድመንድ አስከሬን በ1013 ከለንደን ወደ መቃብሩ ከተማ ወደ በሪ ሲመለስ ኦንጋር አካባቢ አንዲት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አድሯል ይባላል። እንግዲህ ይቺው ናት ተባለ።

በ1990ዎቹ ባለሙያዎች የግንዶቹን የዕድገት ቀለበት ቆጠሩ። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ዝናብ የበዛበት ዓመት ቀለበቱ ይሰፋል፣ ድርቅ ሲሆን ይጠባል። ይህ የስፋትና የጥበት ተራ ዘመኑ ከታወቀ ሌላ እንጨት ጋር ሲገጥም ዛፉ በየትኞቹ ዓመታት እንደኖረ ይታወቃል። ችግሩ፣ ለቅርፊቱ የሚቀርበው ለስላሳ ክፍል ቶሎ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ የተቆረጠበት ዓመት ቁርጥ ብሎ አይወጣም፣ በግምት ነው የሚቀመጠው። ውጤቱ በ1060ዎቹና በ12ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ መካከል ሆነ። በአንድ ጊዜ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ተቀነሰ ማለት ነው። የኤድመንድ አስከሬን ሲያልፍ እነዚህ ግንዶች ገና ቅጠል ያላቸው ዛፎች ነበሩ።

ታሪኩ ግን ጨርሶ ባዶ አይደለም። በ1960 በተደረገ ቁፋሮ፣ መሠዊያው ካለበት ክፍል ሥር፣ ከዚህ የቀደሙ የእንጨት ሕንፃዎች ምልክት ተገኝቷል። ስለዚህ ቦታው በዕድሜ ከግድግዳው ይበልጣል።

“ሁሉም ነገር የዚያ ዘመን ነው”

አይደለም። እዚያችው ግሪንስቴድ መሠዊያው ያለበት ክፍል የጡብ ነው፣ ወደ 1500 ገደማ የተሠራ። ግንዶቹ ራሳቸው ከታች በስብሰው ስለነበር በ1848 የበሰበሰው ተቆርጦ ጡብ ላይ ቆመዋል። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን እዚያ አገር እንዲህ ነው፤ አንዱ መስኮት ያስገባል፣ ሌላው ጣሪያ ይለውጣል፣ የቪክቶሪያ ዘመን ሰው መጥቶ “አድሳለሁ” ብሎ ግማሹን ይቀይረዋል። “መቼ ተሠራ?” ከማለት “የትኛው ክፍል?” ማለት ይሻላል።

“ትንሿ ቀዳዳ ለምጻሞች ቅዳሴ የሚያዩባት ናት”

ግሪንስቴድም አንዲት አለቻት። ሌሎች ብዙ ቤተ ክርስቲያናትም ዝቅ ያለች መስኮት አላቸው፣ ሁሉም “የለምጻሞች” ይባላሉ። ለምጽ ያለበት ሰው ከሕዝብ እንዲርቅ ይደረግ ስለነበር፣ መጥቶ በግድግዳ ቀዳዳ ያጮልቃል የሚለው ነገር አይመስልም። የግሪንስቴዷ የድሮው በር የነበረበት ቦታ አጠገብ ናት፤ የጸበል ማስቀመጫ ሳትሆን አትቀርም። ስያሜውን ያስፋፋው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው።

የመርከብ እንጨት የሚባለውንም እዚሁ ልጨርሰው። ወጋግራ ላይ ሥራ የሌለው ቀዳዳ ካዩ “መርከብ ነበር” ይላሉ። ከባሕር የራቀ መንደር ድረስ ያን የሚያህል እንጨት ማን ይጎትታል? አብዛኛው ከፈረሰ ቤት ወይም ጎተራ የተወሰደ ነው።

“የቼስተርፊልድን ጫፍ ያጣመመው ሰይጣን ነው”

ይህን ማንም ከልቡ አያምነውም፣ ግን ማውራት ደስ ይላል። ደርቢሻየር ውስጥ፣ ቼስተርፊልድ በምትባል ከተማ ያለው የቅድስት ማርያምና የሁሉም ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ 14ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ የተሠራ ሾጣጣ ጫፍ አለ። ቁመቱ ከነማማው ወደ 69 ሜትር ነው። 45 ዲግሪ ያህል ተጠምዟል፣ ከመሃሉም ወደ ሦስት ሜትር ዘንበል ብሏል። አንጥረኛ ሰይጣንን ጫማ ሲያደርግለት ሚስማሩን እግሩ ላይ መታበት፣ ሰይጣንም በሕመም እየዘለለ ሲሄድ ጫፉን ረገጠው ይባላል።

እኔ ማረም የምፈልገው “የተማረውን” ስህተት ነው። “አናጺዎቹ አላዋቂ ስለነበሩ ያልደረቀ እንጨት ተጠቀሙ” የሚለውን። በዚያ ዘመን ኦክ በእርጥቡ መሥራት የተለመደ ነው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ መጥረቢያ አይገባውም። በእርጥብ እንጨት የተሠሩ ስንት ጣሪያዎች እስከ ዛሬ ቀጥ ብለዋል። እዚህ የጎደለው ውስጡን በአግድም የሚያስተሳስር በቂ ማገር ነው። በዚያ ላይ ቆይቶ 33 ቶን ገደማ እርሳስ አለበሱት (መጻፊያው ሳይሆን ብረቱ)። በደቡብ በኩል ፀሐይ ሲያሞቀው ይለጠጣል፣ በሰሜን በኩል ያን ያህል አይደለም። እርጥበት፣ ክብደትና ሙቀት ተደማምረው ጠመዘዙት። ለከተማው ግን ሀብት ነው፤ የእግር ኳስ ቡድኑ ቅጽል ስም እንኳ ከዚሁ ጫፍ የመጣ ነው።

“ሁሉንም ያወደመው ኦሊቨር ክሮምዌል ነው”

አንገቱ የተቆረጠ የቅዱስ ሐውልት ሲታይ ጣት የሚቀሰረው ኦሊቨር ላይ ነው። ግን ትልቁ ማውደም የተጀመረው በ1530ዎቹ በሄንሪ ስምንተኛ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የንጉሡ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል ነው፤ ኦሊቨር የተወለደው በ1599። ከ1547 ጀምሮ በኤድዋርድ ስድስተኛ ዘመን ደግሞ ባሰ። በ1643 እና 1644 ሰፎክንና ካምብሪጅሻየርን እየዞረ ሥዕልና ሐውልት ያስፈረሰው ሰው ስሙ ዊልያም ዳውሲንግ ይባላል። ኦሊቨር ያን ጊዜ የጦር መኮንን እንጂ የአገር መሪ አልነበረም።

“ውስጡ ድሮም ነጭና ባለ አግዳሚ ወንበር ነበር”

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተነሣው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ በፊት ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ነበር። ወንበርም ቢሆን እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብዙም አልነበረም፤ ሰው ይቆማል ወይም ይንበረከካል። እኛ ዘንድ መቋሚያ ይዞ መቆም ለለመደ ይህ አይገርመውም።

ሥዕሉን ለማየት ዮርክሻየር፣ ፒከሪንግ ነው መሄድ። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች በኖራ ተሸፍነው ቆይተው በ1852 ወጡ። ቄሱ ግን ሕዝቡን ከስብከት ያዘናጋል፣ የካቶሊክም ነገር ነው ብለው እንደገና አስቀቡት። ይህኛው በማንኛውም ክሮምዌል አይሳበብም። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ዳግመኛ ተገልጠው ብዙ ቦታ ላይ በአዲስ ቀለም ተነካክተዋል። ዛሬ ገብቶ የሚያይ ሰው ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነዘንዶው ያገኘዋል። ቅዱስ ኤድመንድም እዚያው ነው፤ ታስሮ፣ ቀስት ገላው ላይ ተሰክቶ።